ከጸሎት ቤቱ ደጅ እስከ ተራራው ጫፍ

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በማስተምረው የወጣቶች ኅብረት ውስጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ጋሼ፣ ለምን አንድ ቅዳሜ ምሳችንን ቋጥረን እንጦጦን በእግራችን አንወጣም?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ «እኛ የምናባክነው ቅዳሜ የለንም» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ግን ዳግመኛ አልጠየቀም። ከሁለት ወር በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት አቆመ። ምክንያቱ የእኔ መልስ ብቻ ነው አልልም። አንዱ ምክንያት ግን እሱ እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ ከዓመት በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ራሱ ነግሮኛልና። «ተራራውን ወጣሁት እኮ ጋሼ» አለኝ። «ከማን ጋር?» አልኩት። «አብሮኝ ከሚሄድ ሰው ጋር» አለ።

ይህ መልስ ከእኔ ጋር ከረመ። በኋላ ስለ እንግሊዝ አገር የእግር ጉዞ ማኅበራት ሳነብ፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በፊት የእኔው ዓይነት ጥያቄ የገጠመው አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አገኘሁ። እሱ ግን እኔ የመለስኩትን አልመለሰም። ዛሬ የእሱን ታሪክ፣ ከእሱም በፊትና በኋላ የሆነውን ልነግራችሁ እወዳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የመንደሩ ቡድን

መጀመሪያ ዛሬ ያለውን እንይ። በእንግሊዝ ገጠር በርካታ መንደሮች የእግር ጉዞ ቡድን አላቸው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ሰዎች በመንደሩ አዳራሽ ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሰበሰባሉ። ጡረተኛ አለ፤ የሌሊት ሥራ ውላ የመጣች ነርስ አለች፤ ባሏን በቅርቡ የቀበረች ሴት አለች፤ ለመንደሩ አዲስ የሆኑ ባልና ሚስት አሉ። ጫማቸው ጭቃ የለመደ ነው። በየጀርባ ቦርሳቸው የዝናብ ልብስ፣ ዳቦና የሻይ ፔርሙስ አለ።

ቡድኑ ሁለት ኃላፊዎች አሉት። አንዱ ከፊት የሚሄደው መሪ ነው። መሪው መንገዱን ቀደም ብሎ ሄዶ አይቶታል፤ የትኛው ሜዳ እንደ ጨቀየ፣ የትኛው በር እንደማይከፈት፣ በሬ የሚሰማራው የት እንደ ሆነ ያውቃል። ሁለተኛው ከሁሉ ኋላ የሚሄደው ነው። የእሱ ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ከእሱ በስተኋላ ሰው እንዳይቀር ማየት። አንዲት ሴት የጫማዋን ክር ልታስር ብትጎነበስ ይቆማል። ሽማግሌው ዳገቱ ላይ ቢደክማቸው አብሯቸው ያርፋል። መሪውም መንገድ በሚለያይበት ሁሉ ቆሞ ዞር ይልና የመጨረሻውን ሰው እስኪያይ ይጠብቃል።

መንገዱ በሰው እርሻ መካከል ያልፋል። ይህ ለእኛ የሚያስገርም ነው። በስንዴ ማሳ ውስጥ፣ በበጎች መሰማሪያ ላይ፣ አንዳንዴም በባለርስቱ ቤት አጠገብ፣ ማንም ሰው በእግሩ የማለፍ ሕጋዊ መብት ያለው ጠባብ መንገድ አለ። በየአጥሩ ላይ ከብት የማያሳልፍ፣ ሰው ግን ረግጦ የሚሻገረው የእንጨት መወጣጫ ተሠርቷል፤ በአጠገቡም መንገዱን የሚያመለክት ቢጫ ቀስት ይለጠፋል። በእንግሊዝና በዌልስ እንዲህ ያለው የሕዝብ መንገድ በጠቅላላው 225 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ተጓዡም ግዴታ አለበት፤ የከፈተውን በር ይዘጋል፣ ውሻውን ያስራል፣ ሰብል አይረግጥም።

ስምንት ወይም አሥር ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ አንድ ቦታ ተቀምጠው አብረው ይበላሉ። በገና ሰሞን የእራት ግብዣ ያደርጋሉ፤ በበጋ አውቶቡስ ተከራይተው ወደ ባሕር ዳርቻ ወይም ወደ አንድ ጥንታዊ ቤት ይሄዳሉ፤ በክረምት ምሽት የጥያቄና መልስ ውድድር ያዘጋጃሉ። ላይ ላዩን ለሚያየው የሰዎች መዝናኛ ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ ተራ የሚመስል ቅዳሜ ብዙ ዋጋ ተከፍሎበታል፤ የታሪኩም አንዱ ሥር ያለው በቤተ ክርስቲያን ነው።

አጥቢያውን መዞርና የመሬቱ አጥር

ካርታ ባልነበረበት ዘመን የእንግሊዝ መንደር ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዕርገት በዓል ሰሞን፣ ከካህናቸው ጋር የአጥቢያቸውን ድንበር በእግር ይዞሩ ነበር። በየድንበር ድንጋዩ ይቆማሉ፣ ይጸልያሉ፣ ለእርሻው በረከት ይለምናሉ። ወንዶች ልጆችን ይዘው ይሄዱና በድንጋዩ ላይ መታ ያደርጓቸው ነበር፤ ያመመው ልጅ ቦታውን አይረሳምና፣ ሸምግሎም ቢሆን «ድንበሩ እዚህ ነው» ብሎ ይመሰክራል። ልማዱ ለልጆቹ ባይመችም አንድ ነገር ያሳየናል፦ መሬትን ማወቅ፣ አብሮ መሄድና መጸለይ ያን ጊዜ የአንድ ቀን ሥራ ነበሩ።

ሌሎቹንም መንገዶች ያወጣቸው የሰው እግር ነው። ሰው ወደ ወፍጮው፣ ወደ ገበያው፣ ወደ ጸሎት ቤቱ ሲመላለስ ሣሩ ተረግጦ መንገድ ሆነ። የራሳቸው የመቃብር ቦታ ያልነበራቸው ሩቅ መንደሮች አስከሬን ተሸክመው ወደ ዋናው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት መንገድ ሳይቀር ነበራቸው፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዛሬም ይታወቃሉ።

ከዚያ አጥር መጣ። ከ1604 እስከ 1914 ድረስ የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,200 በላይ የመሬት ማጠሪያ ሕጎችን አወጣ። ድሆች ከብት ያሰማሩበት፣ ማገዶ ይለቅሙበት የነበረ የወል መሬት ለባለርስቶች እየተከፋፈለ ታጠረ። መጠኑ 6.8 ሚሊዮን ኤከር ነው። አጥሩ ለግብርና ምርት ጠቅሟል የሚሉ አሉ፤ ለመሬት አልባው ግን ጎጂ ነበር። በመሬቱ የመኖር አቅም ያጣው ብዙ ሰው ወደ ፋብሪካ ከተሞች ሄደ። የልጅ ልጆቹ በጭስ መካከል አደጉ፤ ከመኖሪያቸው ሆነው ተራራውን በሩቅ ያዩታል፤ ሊወጡት ሲሄዱ ግን «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይጠብቃቸዋል።

የኮልን ከተማው አገልጋይ

ላንካሽር በሰሜን እንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካዎች አገር ነበረች። ከከተሞቿ አንዷ ኮልን ትባላለች። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በዚያች ከተማ ቶማስ አርተር ሌናርድ የሚባል ወጣት አገልጋይ ነበር። የተወለደው በ1864 በለንደን ነው፤ ያገለግል የነበረውም በኮንግሪጌሽናል ቤተ እምነት ነው። በዚያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከእናንተ ከብዙዎቻችሁ ብዙም አይበልጥም።

የኮልን ወጣቶች ዓመቱን ሙሉ ከማሽን ጋር ይውላሉ። በዓመት አንድ ሳምንት ፋብሪካዎቹ በሙሉ ይዘጋሉ፤ ያ ሳምንት ደመወዝ የለውም። ወጣቱ ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም በሳንቲም ሲያጠራቅም ይከርምና ሁሉንም በአንድ ሳምንት ያጠፋዋል። የሚሄደውም እንደ ብላክፑል ወዳሉ የባሕር ዳር ከተሞች ነው፤ ግርግር፣ መጠጥ፣ የገበያ ጨዋታ። ሰኞ ወደ ማሽኑ ሲመለስ ኪሱ ባዶ ነው፤ አካሉም አላረፈም።

ሌናርድ ይህን አይቶ ምን ማድረግ ይችል ነበር? በመጀመሪያው እሑድ ስለ ብክነት ጠንከር ያለ ስብከት ማቅረብ ይችል ነበር። ወላጆች ያመሰግኑታል፤ ሽማግሌዎች ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቁለታል፤ ወጣቶቹም በሚቀጥለው ዓመት ወደ ብላክፑል ይሄዳሉ። እሱ ግን ሌላ አደረገ። በ1891 ከቤተ ክርስቲያኑ የወጣቶች ማኅበር ሠላሳ ያህል ወጣት ወንዶችን ይዞ፣ አምብልሳይድ ወደምትባለው በሐይቆችና በተራሮች መካከል ወዳለች ከተማ ሄደ። ወጪውን ተካፈሉ፤ ለጥቂት ቀናት አብረው በሉ፣ አብረው ተራራ ወጡ።

እስቲ ይህን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ከልጅነታቸው ጀምሮ የማሽን ጩኸት የለመደ ጆሮ፣ የጥጥ ብናኝ የለመደ ሳንባ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ጭስ በላይ ቆመው አገራቸውን ከላይ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። አገልጋያቸው ደግሞ መድረክ ላይ ሳይሆን አጠገባቸው ነው፤ እንደ እነሱ ያልበዋል፣ እንደ እነሱ ይርበዋል። ሰው ዳገት እየወጣ ማስመሰል አይሆንለትም፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ከሚገኝ ትውውቅ ይልቅ እንዲህ ያሉ አራት ቀናት የበለጠ ያሳያሉ።

ነገሩ በአንድ ጉዞ አልቆመም። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም «እኛስ?» አሉ። በ1893 የኅብረት ሥራ ዕረፍት ማኅበር ተመሠረተ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌናርድ የአጥቢያ አገልግሎቱን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለዚህ ሥራ ሰጠ። ማኅበሩ በየተራራው ሥር ቤቶችን ይከራያል ወይም ይገዛል። ምግቡ ቀላል ነው፤ መጠጥ የለም፤ ማታ መዝሙር፣ ጨዋታና ትምህርት አለ። ወንዶችና ሴቶች በአንድ ቡድን ሆነው ይሄዳሉ፤ ይህ በዚያ ዘመን ደፋር እርምጃ ነበር። ለመክፈል አቅም ለሌላቸውም ቦታ ይታሰብ ነበር።

ከዚያ ግን ብዙ መልካም ሥራዎች የሚገጥማቸው ነገር ገጠመው። ማኅበሩ አደገ፤ ሲያድግም ተደላደለ። ከፋብሪካ ሠራተኛው ይልቅ አስተማሪውና የቢሮ ሠራተኛው በዛበት። ሌናርድ ይህ አልተመቸውም። በ1913 ወጥቶ ሌላ ማኅበር መሠረተ፦ ቀለል ያለ፣ ርካሽ፣ ከሌሎች አገሮች ወጣቶች ጋርም ወዳጅነት የሚፈጥር። ልብ በሉ፤ ራሱ የሠራውን፣ የተሳካለትንና ስሙን ያስጠራለትን ነገር ትቶ፣ መጀመሪያ ያሰባቸውን ሰዎች ፍለጋ እንደገና ከታች ጀመረ። በ1948 ሲሞት ብዙ ሰው የአገሩ የእግር ጉዞ እንቅስቃሴ አባት አድርጎ ያስበው ነበር፤ ካትቤልስ በሚባለው ተራራ ላይም ይህን የሚናገር የመታሰቢያ ጽሑፍ ተቀምጦለታል።

ከዕረፍት ቤቶቹ የተመለሱት እንግዶች ደግሞ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በየከተማቸው ተሰብስበው ቅዳሜና እሑድ የሚሄዱ ቡድኖችን አቋቋሙ። የዛሬው የመንደር ቡድን መሪና የመጨረሻ ሰው፣ የጋራ ምሳና የጋራ ሳቅ ከብዙ ምንጮች የመጣ ነው፤ ከምንጮቹ አንዱ ያ የኮልን ቤተ ክርስቲያን ነው።

እሑድ የማን ናት?

አሁን ወደሚከብደው ክፍል ደረስን። የ1850ው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ እንዲያቆሙ አድርጎ ነበር። ሙሉ ቀን የዕረፍት ጊዜያቸው ግን እሑድ ብቻ ነበር። በዓመት ውስጥ ደመወዝ የሚከፈልበት የዕረፍት ጊዜን የሚመለከተው ሕግ የወጣው በ1938 ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ተራራ ልሂድ ካለ መሄድ የሚችለው እሑድ ነው።

በ1900 በርት ዋርድ የሚባል የሼፊልድ ከተማ የፋብሪካ ሠራተኛ «ክላሪዮን» በተባለው የሶሻሊስቶች ጋዜጣ ላይ ጥሪ አወጣ፤ ጥቂት ሰዎችም ተሰብስበው በመስከረም ወር አንድ እሑድ በኪንደር ስካውት ተራራ ዙሪያ ሄዱ። የሼፊልድ ክላሪዮን ተጓዦች ማኅበር እንዲህ ተጀመረ። ዋርድ በየዓመቱ በኪስ የምትያዝ ትንሽ መጽሐፍ ያዘጋጅ ነበር፤ በውስጧ የእሑዶቹ ጉዞ ዝርዝር፣ የመንገዶች ታሪክ፣ የቦታ ስሞች ትርጉም ይገኝ ነበር።

እሑድን በተራራ ማሳለፍ ብዙ ምዕመናንን አስቆጥቷል። የጌታ ቀን እንዴት ለሽርሽር ይሆናል? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እኔም ዛሬ በእሑድ አምልኮ ፋንታ ተራራ ውጡ አልላችሁም። ነገር ግን ሁለቱን መልሶች አነጻጽሩ። አንዱ ወገን «አትሂዱ» አለ፤ ስድስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላላየ ወጣት ሌላ ቀን ግን አልሰጠውም። ሌናርድ ደግሞ የወጣቱን ድካም አይቶ የሚሄድበትን ጊዜ፣ ቤትና ጓደኛ አዘጋጀለት። ሁለቱም ስለ ወጣቱ ነፍስ ተጨንቀው ይሆናል። አብሮት የሄደው ግን አንዱ ነው።

አራት መቶ ሰዎች በኪንደር ስካውት

ኪንደር ስካውት በማንቸስተርና በሼፊልድ መካከል ያለ፣ 636 ሜትር ከፍታ ያለው ገላጣ ተራራ ነው። በአገራችን መለኪያ ቆላ ልትሉት ትችላላችሁ፤ ለእነዚያ ከተሞች ሠራተኞች ግን በባቡር ደርሰው የሚመለሱበት የቅርብ ሰማይ ነበር። ተራራው የታጠረው በ1830ዎቹ ነው። ባለርስቶች ግራውስ የምትባል ቆቅ መሳይ ወፍ የሚያድኑበት ስለሆነ፣ በዓመት ለጥቂት ቀናት አደን ሲባል ዓመቱን ሙሉ በዘበኞች ይጠበቅ ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1932፣ እሑድ ነው፤ አራት መቶ ያህል ሰዎች ሄይፊልድ ከምትባል መንደር አጠገብ ተነሥተው ሆን ብለው ወደ ተከለከለው ተራራ ወጡ። መሪያቸው ቤኒ ሮትማን የሃያ ዓመት የማንቸስተር ወጣት ነበር። ዳገቱ ላይ ከዘበኞች ጋር ግብግብ ሆነ፤ አንድ ዘበኛም ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። ተጓዦቹ ግን ወደ ላይ ወጡ፤ በሌላ በኩል ከሼፊልድ አቅጣጫ ከመጡ ጓደኞቻቸውም ጋር ተገናኙ። ሲመለሱ ፖሊስ ይጠብቃቸው ነበር፤ ስድስት ወጣቶች ተያዙ። በሰው መሬት መግባት በራሱ በወንጀል አያስቀጣም ነበር፤ ስለዚህ የተከሰሱት በሁከትና በመሳሰለው ነው። አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። ሮትማን አራት ወር ታሰረ።

እውነቱን ሳልሸፍን ልንገራችሁ፤ ሮትማን የኮሚኒስት ወጣቶች ማኅበር አባል ነበር። በደርግ ዘመን ስንት የወንጌላውያን ጸሎት ቤት እንደ ተዘጋ፣ ስንት አገልጋይ እንደ ታሰረ ለሰማ ለእኛ ትውልድ ይህ ስም የሚያስደስት አይደለም። ነባሮቹ የእግር ጉዞ ማኅበራትም ድርጊቱን ተቃውመው ነበር፤ ከባለርስቶች ጋር የጀመሩትን ድርድር ያበላሽብናል ብለው። መንገዱ ትክክል ነበር ወይ በሚለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በዚያች እሑድ ጠዋት አራት መቶ ወጣቶችን የሰበሰበው ሰው፣ የፈለጉትን ነገር የሰማ ሰው ነው። በየከተማቸው ጸሎት ቤት ነበረ። ስንቱ ጸሎት ቤት ሰምቷቸው ነበር?

ፍርዱ ከባድ መሆኑ የሕዝቡን ልብ ቀሰቀሰ። ሮትማን ሸምግሎ በጥር 2002 አረፈ። በዚያው ዓመት፣ ሰባኛው ዓመት ሲታሰብ፣ የዚያን ጊዜው ባለርስት የልጅ ልጅ የሆኑት የደቮንሽር መስፍን በአደባባይ ተገኝተው አያታቸው ስላደረጉት ነገር ይቅርታ ጠየቁ። ይህ ይቅርታ ሰባ ዓመት ፈጅቷል፤ ቢሆንም መጥቷል።

የሚሄድበት ያጣ መንገድ

በ1935 የተጓዦች ማኅበራት አንድ አገር አቀፍ ድርጅት መሠረቱ። ከጦርነቱ በኋላ በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ወጣ፤ በ1951 ኪንደር ስካውት ያለበት አካባቢ የአገሩ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ቶም ስቲቨንሰን የሚባል ጋዜጠኛ በ1935 ያቀረበው የረጅም መንገድ ሐሳብም ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1965 ተፈጸመ፤ ፔናይን ዌይ የሚባለው ይህ መንገድ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ በገላጣ ተራሮች ላይ ከመንገድ ወጥቶ የመሄድንም መብት ሰጠ።

ከዚህ ሁሉ ለእኔ የሚደንቀኝ ትንሽ የሚመስል ሥራ ነው። የ1949ኙ ሕግ የሕዝብ መንገዶች ሁሉ በካርታ ላይ እንዲሰፍሩ አዘዘ። መንገዶቹን ማን ያውቃቸዋል? የመንደሩ ሰው። ስለዚህ የየመንደሩ ምክር ቤቶች ሰዎቻቸውን አሰማሩ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አርሶ አደሩ፣ አስተማሪው፣ አንዳንዴም ቄሱ መንገዶቹን በእግር እየሄዱ፣ «ይህ ወደ ወፍጮው ይወስዳል፣ ይህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ» እያሉ መዘገቡ። የቀድሞው የድንበር ዙረት በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ሰው ያላስታወሰው መንገድ ግን ከካርታው ቀረ።

ከዚያ በፊት፣ ኪንደር ስካውት በተወጣበት በዚያው በ1932፣ ሌላ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ሕዝብ ለሃያ ዓመት ሳይከለከልና ሳያቋርጥ በግልጽ የተመላለሰበት መንገድ፣ ባለቤቱ ሌላ ሐሳብ እንዳለው ካላሳየ በቀር፣ የሕዝብ መንገድ ሆኖ ይቆጠራል። ይህን ሕግ ሳነብ ቆም አልኩ። መንገድን መንገድ የሚያደርገው መሄድ ነው። መሪውም፣ የመጨረሻው ሰውም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጭቃ የሚረግጡት ሽማግሌዎችም ሳያውቁት መንገዱን በሕይወት እያቆዩት ነው። የሚሄድበት ያጣ መንገድ እሾህ ይውጠዋል።

የኅብረት መንገድም እንዲሁ ነው። በአንድ አገልጋይና በአንድ ወጣት መካከል ያለ መንገድ ካልተሄደበት ይዘጋል። ኋላ ችግር ሲመጣ «ለምን አልነገርከኝም?» እንላለን፤ መንገዱ ግን አስቀድሞ በሣር ተሸፍኗል።

ወደ ኤማሁስ

ሉቃስ በወንጌሉ መጨረሻ ስለ ሁለት ተጓዦች የጻፈውን ታውቃላችሁ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኤማሁስ ይሄዱ ነበር፤ ርቀቱ 11 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እንደ አንድ የመንደር ቡድን የቅዳሜ ጉዞ ማለት ነው። ልባቸው አዝኗል፤ ደቀ መዛሙርቱም ካሉበት ከተማ እየራቁ ነው። ጌታ ደረሰባቸውና አብሯቸው ሄደ። መጀመሪያ ጠየቃቸው፤ ሲናገሩም ሰማቸው፤ ትምህርቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የት እንደሚሄዱ ሳይነቅፍ ወደሚሄዱበት አብሮ ሄደ፤ ከማዕዱም ተቀመጠ። ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሱት ማንም ሳያዛቸው ነው።

እኔ የዚያን ቀን ለተማሪዬ የመለስኩለት ከዚህ ሁሉ የራቀ ነበር። ቃሉ ትክክል ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ ቅዳሜ ውድ ነውና። ለካ ውድ ስለሆነ ነው የጠየቀኝ። አትሂድ ማለት አንድ ሰከንድ ይፈጃል፤ አብሮ መሄድ ግን ቅዳሜን፣ ጉልበትንና ትዕግሥትን ይጠይቃል። ሌናርድን ሥራውን አስተወው።

ባለፈው ጥቅምት ከኅብረታችን ሃያ ሁለት ወጣቶች ጋር እንጦጦን ወጣን። እንጀራ በፍርፍር፣ ዳቦና ውኃ ይዘን ነበር። መንገዱን ሁለት ልጆች በሳምንቱ ቀድመው አይተውት ስለ ነበር እነሱ መሩ። እኔ ከሁሉ ኋላ ሄድኩ። ከእኔ ፊት የምትሄደው ልጅ አስም አለባት፤ በየአሥር ደቂቃው ቆመን እናርፍ ነበር። በሁለት ዓመት ትምህርት ያልነገረችኝን ነገር በሦስተኛው ዕረፍት ላይ ነገረችኝ። ምን እንደ ሆነ አልጽፍም። ላይ ስንደርስ ሌሎቹ ምሳውን ሳይነኩ ይጠብቁን ነበር።

ያንን የቀድሞ ተማሪዬንም ጠርቼው ነበር። «ሥራ ላይ ነኝ ጋሼ፣ የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለኝ። ቀኑን ነግሬዋለሁ።

በኅብረታችሁ ተወያዩበት

1. በአካባቢያችሁ ያሉ ወጣቶች ዕረፍታቸውን የሚያሳልፉት የት ነው? ኅብረታችሁ ስለዚያ ቦታ የሚናገረው ምንድን ነው? የሚያዘጋጅላቸው ሌላ ነገርስ አለ?

2. ሌናርድ ሥራው ሲሳካ ለምን ትቶት ወጣ? በኅብረታችሁ ውስጥ መጀመሪያ የታሰበላቸው ሰዎች ዛሬም አሉ?

3. በሚቀጥለው ጉዟችሁ ከሁሉ ኋላ የሚሄደው ማን ይሁን? ከመነሣታችሁ በፊት ምረጡት።